ለትራክ በሚነዳ ማዝዳ ሚያታ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣና ከሞተር የራቀ ፊልትሮ አገጣጠም

በሐምሌ ሙቀት ዌስት ቨርጂንያ ባለው የሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ትራክ ላይ 20 ደቂቃ ሙሉ በከፍተኛ ዙር ስትነዱ የሚያታችሁ የውሃ መለኪያ ከቦታው ላይነቃነቅ ይችላል። ዘይቱ ግን በዚያው ሰዓት 130 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ የዘይት ሙቀት አያሳይም፤ ስለዚህ ነጂው ምንም ሳያውቅ መንዳቱን ይቀጥላል።

130 ዲግሪ ሴልሺየስ ምን ያመጣል? 40 ቁጥር ዘይት በ100 ዲግሪ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ውፍረት አለው። 130 ላይ ሲደርስ የሚቀረው ግማሽ ገደማ ነው። 40 ቁጥር ብላችሁ የገዛችሁት ዘይት እንደ 20 ቁጥር ቀጥኗል ማለት ነው። ብሮንዚኑን፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን ስስ የብረት መቀመጫ፣ ከክራንክሻፍቱ ለይቶ የሚይዘው የዘይት ሽፋን ይሳሳል። በዚያ ላይ ረጅም የቀኝ ኩርባ ወይም ጠንካራ ፍሬን ሲጨመርበት ሞተሩ ይጎዳል።

ከዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ዌስት ቨርጂንያ ድረስ ወርዳችሁ የምትነዱ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። የመረጥኩት መኪና የመጀመሪያውና ሁለተኛው ትውልድ ሚያታ ነው፤ ከ1989 እስከ 2005 የተሠሩት። አውሮፓ ያላችሁ ኤምኤክስ-5 ብላችሁ የምታውቁት ነው። ሌላ መኪና ላይም አሠራሩ ብዙ አይለይም፤ የፊልትሮው ጥርስና ቦታው ነው የሚለየው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ሥራው አቅም የሚጠይቅ አይደለም። ግን እስከዛሬ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞር የነበረው ዘይት ከዚህ በኋላ ወጥቶ፣ በቱቦ ተዘዋውሮ ነው የሚመለሰው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አዲስ የማፍሰሻ ቦታ ነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ማሸግ ነው። ማሸጉ በትክክል ከተሠራ ማቀዝቀዙ ብዙ አያስቸግርም።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

ማቀዝቀዣ ሳትገዙ የዘይት ሙቀት መለኪያ ግዙ። ሴንሰሩን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ወይም ከሞተር በሚወጣው ዘይት መንገድ ላይ አድርጉት። ከዚያ አንድ ሞቃት ቀን ነድታችሁ ቁጥሩን እዩ።

ከ90 እስከ 120 መሃል የሚውል ዘይት ምንም ችግር የለበትም። ማቀዝቀዣ አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘባችሁን ለጎማና ለፍሬን አውሉት። በየዙሩ 130 የሚያልፍና የማይወርድ ከሆነ ግን ቀጥሉ። ዘይት ከመጠን በላይ ቢቀዘቅዝም ጥሩ አይደለም። ከ80 በታች እያለ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር መጫን አይገባም። ዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃና ነዳጅ ተኖ እንዲወጣም በደንብ መሞቅ አለበት።

የግፊት መለኪያም ያስፈልጋል። ከ1990 እስከ 1994 በወጡት ሚያታዎች ላይ የዘይት ግፊት መለኪያው እውነተኛ ነው። ከ1995 ጀምሮ ማዝዳ ግፊት አለ ወይም የለም ብሎ ብቻ በሚለይ ስዊች ቀየረው። ጠቋሚው መሃል ላይ ቆሞ ይውላል፣ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ታምኑታላችሁ። ይህን መለኪያ ይዛችሁ ዘይት ከሞተር ውጭ አታውጡ። እውነተኛ መለኪያና ግፊት ሲወርድ የሚበራ ትልቅ ቀይ መብራት አስገቡ። ሴንሰሩን ዘይቱ ከማቀዝቀዣው ተመልሶ ወደ ሞተር በሚገባበት በኩል አድርጉት። ከፊልትሮውና ከማቀዝቀዣው በፊት ከለካችሁ ፖምፓው የሚገፋውን ታያላችሁ እንጂ ብሮንዚኑ ጋ የሚደርሰውን አታዩም።

2. ፊልትሮው ይራቅ ወይስ እዚያው ይቅር?

ሚያታ ላይ ፊልትሮው ያለው በሞተሩ ቀኝ፣ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር ነው። የቀየረ ሰው ያውቀዋል። ከታች እጅ አሾልኮ፣ ሳያዩ በመዳሰስ ነው የሚፈታው፤ ዘይቱም በክንድ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፊልትሮውን ወደ ተመቸ ቦታ ማውጣት የቅንጦት ነገር አይደለም።

ግን መገጣጠሚያዎቹን ቁጠሩ። ፊልትሮው ባለበት ቀርቶ ሳንድዊች ፕሌት (በሞተሩና በፊልትሮው መሃል የሚገባ፣ የቱቦ መውጫ ያለው ጠፍጣፋ) ብቻ ከሥሩ ከገባ ሁለት ቱቦ ይበቃል። አራት የቱቦ ጫፍና አራት አዳፕተር፣ በድምሩ ስምንት ማሸጊያ ቦታ። ፊልትሮውን ካራቃችሁ ቱቦው ሦስት ይሆናል፣ ማሸጊያ ቦታውም አሥራ ሁለት። ለብቻው የቆመ ቴርሞስታት (ዘይቱ እስኪሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ) ከጨመራችሁ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። መኪናው ለመንገድም ለትራክም የሚነዳ ከሆነ ቴርሞስታት ያለው ሳንድዊች ፕሌት ይበቃችኋል። መኪናው በአብዛኛው ትራክ ላይ የሚውልና ዘይት ቶሎ ቶሎ የምትቀይሩ ከሆነ ፊልትሮውን አውጡት። ያኔም ቴርሞስታቱ የፊልትሮው ማቀፊያ ውስጥ አብሮ የተሠራበትን ፈልጉ። መገጣጠሚያ በቀነሰ ቁጥር የማፍሰሻ ቦታ ይቀንሳል።

የዘይቱ ቅደም ተከተል ከሞተር ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ማቀዝቀዣ፣ ከማቀዝቀዣ ወደ ሞተር ነው። ፊልትሮው መቅደም አለበት። የማቀዝቀዣው ውስጥ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ የብረት ብናኝ አንዴ ከገባባቸው አይወጣም።

3. ዕቃው

ማቀዝቀዣው ለ1.6 ወይም ለ1.8 ሞተር ከ16 እስከ 19 ረድፍ ያለው ይበቃል። ቱርቦ ካለው በስተቀር ትልቁን አትግዙ። ቴርሞስታቱ 80 ዲግሪ አካባቢ የሚከፍት ይሁን። ብዙዎቹ ዝግ ሆነውም ጥቂት ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ያሳልፋሉ። ይህ ጥቅም አለው፤ ሲከፍት ድንገት በረዶ የሆነ ዘይት ወደ ሞተር አይመለስም።

ቱቦው ኤኤን 10 ይሁን (ኤኤን የቱቦና የመገጣጠሚያ መጠን መለያ ነው)። ውስጡ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፖምፓውን አያስጨንቀውም። ለሞተር ዘይት ሙቀትና ግፊት የተሠራ መሆኑ ላዩ ላይ መጻፍ አለበት። የነዳጅ ጎማ ወይም የሂተር ጎማ በፋሼታ አስሮ መጠቀም የለም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ግፊቱ ከ5 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ፋሼታ አይዘውም። በብረት ክር የተሸፈነውና በናይለን የተሸፈነው ሁለቱም ይሠራሉ። እኔ ናይለኑን እመርጣለሁ። የብረት ክር እየተንቀጠቀጠ የነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ሽቦም ይሁን አሉሚኒየም።

አሁን በጣም የምትጠነቀቁበት ነገር፦ የፊልትሮው ጥርስ። የሚያታው ኦሪጅናል ፊልትሮ ኤም 20 በ1.5 ነው፤ ማለትም ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር። በገበያ ያሉ ብዙ የራቀ ፊልትሮ ማቀፊያዎች ደግሞ ባለ 3/4 ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ናቸው። 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥርሱ ርቀትም 1.59። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። የ20 ሚሊ ሜትሩን ፊልትሮ በ3/4ቱ ላይ ብታዞሩት ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል። የያዘው ግን የጥርሱን ጫፍ ብቻ ነው። ግፊት ሲመጣ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ማቀፊያውን ስትገዙ ጥርሱን ጠይቁ፣ ከዚያ የሚስማማውን የፊልትሮ ቁጥር ማቀፊያው ላይ በማይጠፋ ማርከር ጻፉበት። ነገ ሌላ ሰው ሊቀይርላችሁ ይችላልና።

ፊልትሮው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል የጎማ ቫልቭ ያለው ይሁን።

4. ቦታ መምረጥ

ፓራውልቱን አውልቁ። ማቀዝቀዣው ከፊት መስቀለኛ ብረቱ ኋላ ይሁን፤ ቀላል ግጭት እንኳ መጀመሪያ እሱን እንዳያገኘው። ሚያታ ላይ የተለመደው ቦታ ከራዲያተሩ ፊት፣ የአፉ ታችኛው ክፍል ነው። እዚያ ስታስቀምጡት ያሞቀው አየር ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ ስለዚህ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑ። በመሃላቸው ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ዳር ዳሩን በቀጭን ላሜራ ወይም በፕላስቲክ ዝጉት። አየር ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ ዳሩ ክፍት ከሆነ ዞሮ ያልፋል። ከፊቱ የሽቦ ወንፊት ማድረጉም ከጠጠር ያድነዋል።

የቱቦ መግቢያዎቹ ወደ ላይ ቢሆኑ አየሩ በራሱ ይወጣል። ወደ ጎንም ይሆናል። ወደ ታች ግን አታድርጉ፤ አየሩ ላይ ታፍኖ ይቀራል።

ማቀዝቀዣውን በቀጥታ ከሻሲው ጋር በብሎን አትሰሩት። በአራቱም ማዕዘን የጎማ መቀመጫ ይኑረው። አሉሚኒየም ንዝረት አይወድም፤ ስንጥቁ የሚጀምረው የመያዣው ጆሮ ከአካሉ ጋር ከተበየደበት ቦታ ነው።

የፊልትሮው ማቀፊያ በቀኝ በኩል፣ የፓራፋንጎው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የሚያታ ጭስ ማውጫ በግራ ነው፤ ከእሱ በራቃችሁ ቁጥር ቢያፈስ እንኳ እሳት የመነሳቱ ዕድል ይቀንሳል። ፊልትሮው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል። ያኔ ስትፈቱት ዘይት አይደፋም። ግድግዳው ስስ ላሜራ ስለሆነ ከኋላው ወፍራም የብረት ጠፍጣፋ አድርጉለት። ዘይት የሞላ ፊልትሮ በየጉድጓዱ ሲዘል ስስ ላሜራ ይቀደዳል።

5. ቱቦውን መሥራት

ውድ ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ተመሳሳይ ውፍረት ባለው የአትክልት ማጠጫ ጎማ መስመሩን ሞክሩት። ሞተር በመቀመጫው ላይ ይወዛወዛል፤ ቱቦው ተወጥሮ እንዳይቆም ትንሽ ትርፍ ይኑረው። መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም ጎን አዙሩ። መኪናውን አውርዳችሁም አዙሩ፤ ጎማው ተነስቶ ሳለ ያልነካው ተቀምጦ ሊነካ ይችላል። ከቺንጊያም አርቁት።

መቁረጫው ቦታ ላይ ፕላስተር አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። የምትቆርጡት በፕላስተሩ መሃል ነው፤ ያለዚያ ክሩ ይበተናል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ሴጌቶ ወይም የብረት መቁረጫ ዲስክ ይበቃል። ቁርጡ ቀጥ ያለ ይሁን። ከቆረጣችሁ በኋላ ውስጡን በአየር ንፉ። የጎማ ፍርፋሪ ውስጥ ይቀራል፤ ፊልትሮውን አልፎ በሚመለሰው ቱቦ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ወደ ብሮንዚን ነው የሚሄደው።

ቱቦውን ወደ ፊቲንጉ (የቱቦው ጫፍ መገጣጠሚያ) የውጭ ቀለበት አስገቡ። ጥርሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አሁን ቀለበቱ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ ቱቦው ዙሪያ፣ ባለ ቀለም ፕላስተር አድርጉ። ይህን አትዝለሉ። የውስጡ ክፍል ሲገባ ቱቦውን ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል፤ ከውጭ የሚያሳያችሁ ይህ ምልክት ብቻ ነው። ፕላስተሩ ከቀለበቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ ፍቱና እንደገና ጀምሩ።

ቀለበቱን አሉሚኒየም መንጋጋ ባለው ሞርሳ ያዙት። የውስጡን ክፍል በሞተር ዘይት አርሱት፣ ከዚያ በእጅ ጀምሩና በቁልፍ ጨርሱ። በሁለቱ መሃል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር በቃ። ሁሉንም ስትጨርሱ ቱቦውን በፍሬን ማጽጃ እጠቡ፣ እንደገና ንፉ፣ ሁለቱንም አፍ ዝጉት።

ይህን ራሳችሁ መሥራት ካላሰኛችሁ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠራ ሱቅ ልኩን ወስዶ በማሽን ጨምቆ ይሰጣችኋል። ጥሩ ውሳኔ ነው።

6. መግጠም

መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ በመቆሚያ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አትግቡ። ዘይቱን አፍስሱ፣ ፊልትሮውን ፍቱ።

የሞተሩን ገጽ በእጃችሁ ዳስሱ። የድሮው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ተጣብቆ ቀርቶ ይሆናል። በላዩ ሌላ ቀለበት ከገባ ለጥቂት ደቂቃ ይይዝና ከዚያ ሙሉ ዘይቱን ይተፋል። ገጹን በማይቦጭር ጨርቅ አጽዱ።

አንዳንድ ሚያታዎች ላይ ከፊልትሮው ሥር በራዲያተር ውሃ የሚሠራ የፋብሪካ ማቀዝቀዣ አለ። ከሱ በላይ ሌላ ፕሌት ስትደርቡ ቦታው ይጠባል። ብታወጡት ይሻላል፤ የሚመጡትን ሁለት የውሃ ጎማዎች እርስ በርስ አገናኟቸው፣ የመሃል ብሎኑም ርዝመቱ ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ የዘይት መውጫውን አዳፕተር፣ ኦሪንጉን (ክብ የጎማ ማሸጊያውን) ዘይት ቀብታችሁ አስገቡ፤ የመሃሉን ብሎን አምራቹ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ፊልትሮውን ባለበት የምታስቀሩ ከሆነ ይህ ብሎን ፊልትሮው ሲፈታ አብሮ ሊላላ ስለሚችል በየዘይት ቅየራው እዩት።

ስለ ቴፍሎን። የኤኤን ፊቲንግ የሚያሽገው 37 ዲግሪ ባለው የብረት ገጽ ነው። ጥርሱ ማጥበቂያ ብቻ ነው። ቴፍሎን እዚያ ላይ ምንም አይጠቅምም፤ ተቆራርጦ ዘይት ውስጥ ይገባል። ኦሪንግ ያለው ፊቲንግም ቴፍሎን አይፈልግም። ማሸጊያ የሚፈልገው እየሰፋ የሚሄድ ጥርስ ያለው ብቻ ነው፤ እዚያም የሚቀባ ፈሳሽ ማሸጊያ ተጠቀሙ።

ማቀዝቀዣው ላይ ስታጠብቁ ሁልጊዜ ሁለት ቁልፍ ያዙ። አንዱ የማቀዝቀዣውን አፍ አንቆ ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያዞራል። በአንድ ቁልፍ የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን አፍ ጠምዝዞ ይሰነጥቀዋል። ሁሉም ሲጠብቅ በእያንዳንዱ ዳዶና አዳፕተር ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ፍተሻው በዓይን ብቻ ይሆናል።

7. ዘይት መሙላትና ማስነሳት

ባዶ ማቀዝቀዣና ባዶ ቱቦ ይዛችሁ ሞተር አታስነሱ። ፖምፓው አየሩን ገፍቶ እስኪጨርስ ብሮንዚኑ በደረቁ ይዞራል። የላይኛውን ቱቦ ፍቱና ማቀዝቀዣውን በፈነል ሙሉት። ፊልትሮውንም ሙሉት።

ተጨማሪው ዘይት ስንት ነው? የ14 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሜትር 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ሦስት ሜትር ከሆነ ግማሽ ሊትር ሊጠጋ ነው። ማቀዝቀዣውና ትልቁ ፊልትሮ ሲደመሩ ድሮ ከምትሞሉት በላይ 1 ሊትር አካባቢ ይጠብቃችኋል።

አሁን ብልጭታና ነዳጅ አቋርጡ። የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ላይ ከሞተሩ ራስ ኋላ ያለውን የካም አንግል ሴንሰር ሶኬት ብትነቅሉ ሁለቱም ይቆማሉ። ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ ሳታስበልጡ አዙሩ፣ አሳርፉት፣ ድገሙ። መለኪያው ግፊት እስኪያሳይ። ካላሳየ አታስነሱ፤ መግቢያና መውጫ ቱቦ ተቀያይሮ እንደሆነ እዩ።

ግፊት ካገኛችሁ ሶኬቱን መልሱና አስነሱ። አንድ ሰው መለኪያውን ይይ፣ እናንተ በባትሪ መብራት መገጣጠሚያዎቹን እዩ። እናንተ ምልክት እንደሰጣችሁ መለኪያውን የሚያየው ሰው ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አለበት። ከሥሩ ንጹህ ካርቶን አንጥፉ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ትታያለች።

የዘይቱን ልክ ገና አትመኑ። ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ በመንገዱ ውስጥ የለም። ዘይቱ 90 እስኪደርስ አሙቁት፣ የማቀዝቀዣውን ቱቦ ከውጭ ዳስሳችሁ መሞቁን አረጋግጡ። ከዚያ አጥፉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ የጎደለውን ጨምሩ።

8. ከትራክ በፊት

ፊልትሮው ላይ ትልቅ ፋሼታ እሰሩና በማሰሪያ ሽቦ ከማቀፊያው ጋር አያይዙት። ሽቦው ፊልትሮው ወደ መላላት እንዳይዞር የሚጎትት ይሁን።

ሰፈር ውስጥ 20 ደቂቃ በዝግታ ንዱ፣ ተመለሱ፣ ሁሉንም የቀለም መስመር እዩ። ሲቀዘቅዝ እንደገና እዩ፤ አሉሚኒየም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ነው የሚላላው። ትራክ ላይ የመጀመሪያው ዙራችሁ አጭር ይሁን። አራት አምስት ዙር ነድታችሁ ውጡ፣ ኮፈን ክፈቱ፣ ከሥርም እዩ። በዚህ አትሰልቹ። ዘይት ሲፈስ መጀመሪያ የሚያገኘው የራሳችሁን የኋላ ጎማ ነው፤ ቀጥሎ ከኋላችሁ በሙሉ ፍጥነት ወደ ኩርባው የሚገባውን ሰው።

ቀይ መብራቱ ከበራ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና ከመስመሩ ውጡ። ሳር ላይ መቆም ዘይት እያፈሰሱ ዙር ከመጨረስ ይሻላል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ዘይቱ 90 አልደርስ ካለ የማቀዝቀዣውን ግማሽ በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑት። በየወቅቱ መጨረሻ የጎማ መቀመጫዎቹን፣ የማቀዝቀዣውን ጆሮዎችና ቱቦው ሌላ ነገር የነካበትን ቦታ ፈትሹ። ማቀዝቀዣው ኩርባ ላይ ዘይት ወደ ጎን ሸሽቶ ፖምፓው አየር የመሳቡን ችግር አይፈታም። ግፊቱ ረጅም ኩርባ ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ኮፓ ውስጥ ነው፤ መፍትሔውም ዘይቱን የሚያግድ ክፍልፋይ ያለው ኮፓ ነው። ብሮንዚን በልቶ የተበላሸ ሞተር ላይ የነበረ ማቀዝቀዣ ግን ታጥቦ ሁለተኛ አይገጠምም፤ ከሞተሩ ጋር ይጣላል። አሮጌ ማቀዝቀዣ በቅናሽ የሚሸጥላችሁ ካለ ከምን ሞተር እንደወጣ ሳታውቁ አትግዙት።